ሕጉን ስትነኩ የልጆቹን እግር ትነካላችሁ

የቆቃ ሜዳ ሽማግሌዎች፣ የሞጆና የመቂ የቡድን አባቶች፣ በአዳማ በየሰፈሩ የክረምት ውድድር የምትመሩ እኩዮቼ፤

ይህን የምጽፈው ለእናንተ እንጂ ለተጫዋቾቹ አይደለም። ተጫዋች የተሰጠውን ሕግ ተቀብሎ ይጫወታል፤ ሕጉን የምንሰጠው እኛ ነን። ለዘንድሮው ክረምት በፊታችን የቀረቡትን አራት ማሻሻያዎች ደጋግሜ አነበብኳቸው። አንደኛው፣ ከ16 ከ50 ውጭ ተመትቶ የገባ ጎል እንደ ሁለት ይቆጠር ይላል። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ወደ 60 ደቂቃ ይጠር፣ አቻ ካለቀም በቀጥታ ወደ ሪጎሬ ይኬድ ይላል። ሦስተኛው፣ ቅያሪ ያለ ገደብ ይሁን፣ የወጣውም ተመልሶ ይግባ ይላል። አራተኛው፣ ከዳኛ ጋር የተጨቃጨቀ ቡድን ከውድድሩ ይባረር ይላል። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ጎል ይብዛ፣ ሕዝብ ይምጣ፣ ዋንጫውን የሚገዛው ነጋዴም ደስ ይበለው ነው ነገሩ።

እኔ ግን ዕድሜዬን ከፊሽካ ጋር የጨረስኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ድምፅ መስጠት አልቻልኩም። ሕግ ሲለወጥ ቀድሞ የሚለወጠው ልጁ በልምምድ ሰዓት የሚደጋግመው ነገር ነው። አሰልጣኙ ነጥብ ወደሚያስገኘው ነገር ይነዳዋል፤ ልጁም የተነዳበትን ይለምዳል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሁለት ክረምት የለመደው ነገር እግሩ ውስጥ ይቀራል። እኛ ሕጉን በሦስተኛው ዓመት ብናነሣው እሱ ወደ ኋላ አይመለስም።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ከእኛ የበለጠ ገንዘብ፣ ሐኪምና ሊቅ ያላቸው ሰዎች ሕግ ነክተው ምን እንዳገኙ ልንገራችሁ። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።

በእንግሊዝ እስከ 1925 ድረስ አንድ አጥቂ ኦፍሳይድ እንዳይሆን በእሱና በጎሉ መስመር መካከል ሦስት ባላጋራ ያስፈልግ ነበር። ተከላካዮች፣ በተለይ የኒውካስሉ ቢል ማክራክን፣ ይህን ሕግ እንደ ወጥመድ ይጠቀሙበት ጀመር፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣሉ፣ መስመር ዳኛው ባንዲራውን ያነሣል፣ ጨዋታው ይቆማል። ተመልካቹ ሲሰለች ሦስት የነበረው ሁለት እንዲሆን ተወሰነ። በአንደኛው ዲቪዚዮን በአንድ የውድድር ዘመን 1,192 የነበረው ጎል በቀጣዩ 1,703 ሆነ። ክለቦቹም የጨዋታዎቹም ቁጥር አልተለወጠም። ይሄ ነው እንግዲህ የኛዎቹ ሐሳብ አቅራቢዎች የሚያልሙት።

ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አርሰናል በኒውካስል 7 ለ 0 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ኸርበርት ቻፕማን ቁጭ ብሎ መከረ፤ እስከዚያ መሐል ሜዳ ላይ እየተጫወተ ኳስ ያከፋፍል የነበረውን ሰው ወደ ኋላ ስቦ ከሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው። ሥራው አጥቂን ማቆም ብቻ ሆነ። ሌሎቹም ተከተሉት። ጎል እንዲበዛ የወጣው ሕግ ጨዋታ ያደራጅ የነበረውን ሰው ዘበኛ አድርጎት አረፈ። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም። ሊያስቡትም አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም ሕግ አውጪው አንድ ጊዜ ያስባል፣ አሰልጣኝ ግን በየሳምንቱ ያስባል።

ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። ራግቢ ሊግ የሚባለውን ጨዋታ አብዛኞቻችሁ አታውቁትም፤ እዚህም ማንም አይጫወተውም። በ1895 በሰሜን እንግሊዝ ከሌላው ራግቢ ተገንጥሎ የወጣ፣ ዛሬ በሲድኒ ከተማ ሕዝብ የሚያብድለት ጨዋታ ነው። አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሆነው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው ይሮጣሉ፤ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ኳስ የያዘውን ባላጋራው አቅፎ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ የወደቀው ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ ለጓደኛው ይሰጥና ይቀጥላል። ስለ ሕግ ለውጥ ልማር ለሚል ሰው ከዚህ ጨዋታ የተሻለ አስተማሪ የለም፤ ሕጉን እንደሱ የሚነካካ የለምና።

ድሮ አንድ ቡድን ስንት ጊዜ ቢጣል ኳሱን አይነጠቅም ነበር። ጉልበተኛው ይዞ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይዞ ይወድቃል። የሲድኒው ሴንት ጆርጅ በዚያ ሕግ ከ1956 እስከ 1966 ድረስ 11 ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። ሕግ አውጪዎቹ ይሄ ነገር ይብቃ ብለው በ1967 አንድ ቡድን አራት ጊዜ ከተጣለ በኋላ ኳሱ ለሁለቱም ቡድን መታገያ እንዲሆን ደነገጉ። የሴንት ጆርጅ ተከታታይ ድል በዚያው ዓመት ተቋረጠ። እሰየው ያለው ሰው ብዙ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ስሙ። አራት ዕድል ብቻ ያለው ቡድን ተጣደፈ። ኳሱን በቅብብል አሳድጎ መስመር እስኪያልፍ ድረስ ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ አቋራጭ ዞረ፤ ከርቀት ኳሱን መሬት አንጥሮ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል መምታት። ያ ምት 2 ነጥብ ያስገኝ ነበር። የሳውዝ ሲድኒው ኤሪክ ሲምስ በ1970 የፍጻሜ ጨዋታ ብቻውን አራት መታ። ሰዎቹ ደንግጠው በቀጣዩ ዓመት የምቱን ዋጋ ከ2 ወደ 1 አወረዱት፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም አራት የነበረውን የመጣል ቁጥር ስድስት አደረጉት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነሱ ከርቀት የሚመታ ምት ዋጋው ሁለት መሆኑ ጨዋታውን ሲያበላሽ አይተው ወደ አንድ አወረዱ። እኛ ደግሞ አንድ የሆነውን ሁለት ለማድረግ ስብሰባ ጠርተናል።

አሁንም አላረፉም። በ2020 ግንቦት ላይ የወደቀን ተጫዋች ይዞ የሚያዘገይ ቡድን በቅጣት ምት ፋንታ የባላጋራው ስድስት ዕድል እንደገና ከአንድ እንዲቆጠር ሕግ አወጡ። ጨዋታው ፈጠነ፤ በቴሌቪዥንም አማረ። ግን በ2021 ደካማ ቡድኖች በሰፊ ውጤት ይሸነፉ ጀመር፤ አንዴ የደከመ ቡድን ትንፋሽ የሚሰበስብበት ፋታ ጠፋ። ብልጥ አሰልጣኞችም ተጫዋቾቻቸው በመጀመሪያው መጣል ላይ ሆን ብለው እንዲያጠፉ ያደርጉ ነበር፤ ከአንድ ወደ አንድ ቢመለስ ምን ይጎዳናል ብለው። በ2022 ሕጉ እንደገና ተሻሻለ። ይሄ ሁሉ የሆነው እያንዳንዱ እርምጃ በካሜራ በሚቀረጽበት፣ እያንዳንዱ ሩጫ በሚለካበት ሊግ ነው። እኛ ያለን አንድ መዝገብና የጸሐፊያችን እስክሪብቶ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ከአራቱ ማሻሻያዎች ከሁሉም የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው።

ነፋሳችንን ታውቁታላችሁ። ከአዳማ ወጣ ሲሉ በኮረብቶቹ ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች ለጌጥ አልተተከሉም። በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት እዚህ የቆሙት ነፋሱ አስተማማኝ ስለሆነ ነው። የቆቃን ሜዳ ከሐይቁ በኩል የሚመታው ነፋስም ከሰዓት በኋላ ሲነሣ በረኛ የለጋው ኳስ ወደ ራሱ ሲመለስ ያላየ ከመካከላችሁ የለም። በዚህ ሜዳ ላይ የሩቅ ጎል ሁለት ነው ስትሉ ምን እንዳላችሁ አስቡ። በሳንቲም ዕጣ ነፋሱን ከጀርባው ያገኘ ቡድን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከየትም ይለጋል። ቅብብል ምን ይጠቅመዋል? ከሩቅ አንዴ የገባለት ልጅ ሁለት አገኘ፤ አምስት ሰው አቀባብሎ በረኛውን አልፎ ያስገባው ልጅ አንድ አገኘ። ለየትኛው ልጅ ምን እያስተማርን እንደሆነ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የኛ ልጆች በአጭር ቅብብል የሚጫወቱት ለምን ይመስላችኋል? በደም የመጣ የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔ የሚመስለኝ ሌላ ነው። ያደግነው በጨርቅ ኳስና በሁለት ድንጋይ ጎል ነው። ድንጋዩ አግዳሚ የለውም። ከሩቅ ከፍ አድርገህ ከለጋህ «ከላይ ሄደች» ተብሎ ይሻራል፤ ጭቅጭቁም እስከ ማታ ድረስ ነው። ጎል ሆነ ተብሎ የሚጸድቅልህ ኳሱን መሬት ለመሬት አስጠግተህ ከድንጋዩ አጠገብ ስታስገባ ነው። ስለዚህ ተቀባበልን፤ ስለዚህ አብዶ ሠራን፤ ስለዚህ ቴስታ ላይ ሰነፍን። ማንም ያልጻፈው የድንጋይ ጎል ሕግ ነው እንዲህ አድርጎ የቀረጸን። ኢትዮጵያ ቡና በአሰልጣኝ ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ፣ በኋላም እሱ ራሱ ብሔራዊ ቡድናችንን ይዞ ካሜሩን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሄድ፣ ያ የኳስ ቁጥጥር ጨዋታ ከሰማይ አልወረደም። ከየሰፈሩ ድንጋይ ጎል ተለቅሞ የመጣ ነው። ጥሩነቱን ወይም ድክመቱን ልትከራከሩ ትችላላችሁ፤ እኔም በቴስታው ድክመት እናደዳለሁ። ግን በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ልናጠፋው መብት የሰጠን ማን ነው?

የጎልን ዋጋ መንካት ወደ ምን ሊያደርስ እንደሚችል የባርባዶስን ነገር ልጨምርላችሁ። ጥር 1986 ዓ.ም. በካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ ባርባዶስና ግሬናዳ ተጋጠሙ። አዘጋጆቹ እንደኛ ሰዎች ጨዋታው ይድመቅ ብለው አቻ እንዳይኖር አደረጉ፤ በጭማሪ ሰዓት ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል፣ ያቺ ጎል ደግሞ ሁለት ትቆጠራለች አሉ። ባርባዶስ ለማለፍ በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረበት። 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በ83ኛው ደቂቃ ግሬናዳ አንድ አገባ። በቀረው ጥቂት ደቂቃ ሌላ ጎል ማግባት እንደሚከብዳቸው ሲያዩ የባርባዶስ ተጫዋቾች በ87ኛው ደቂቃ ኳሱን በራሳቸው ጎል ከተቱት። 2 ለ 2 ከሆነ ጭማሪ ሰዓት አለ፤ በጭማሪ ሰዓት ያገባ ሁለት ያገኛል፤ ሒሳቡ ተገናኘ። ግሬናዳዎች ነገሩ ሲገባቸው በየትኛውም ጎል ቢያገቡ ስለሚያልፉ በሁለቱም በኩል ለማግባት ሮጡ። ባርባዶሶችም ሁለቱንም ጎል መጠበቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ባርባዶስ በጭማሪ ሰዓት አግብቶ 4 ለ 2 ተብሎ አለፈ። ልጆቹ አላጭበረበሩም። እንዲያውም ሕጉን በትክክል ያነበቡት እነሱ ነበሩ። ያላነበቡት ሕጉን የጻፉት ሽማግሌዎች ናቸው።

ስለ ቅያሪውም ልናገር። በዓለም ዋንጫ ቅያሪ የተፈቀደው በ1970 ነው፤ ያኔም ሁለት ሰው ብቻ። በኮሮና ጊዜ በ2020 አምስት ሆነ፣ በ2022ም ጸና፤ ግን አምስቱንም ለመቀየር ከዕረፍት ሰዓት ሌላ ጨዋታውን ከሦስት ጊዜ በላይ ማስቆም አይቻልም። ገደቡ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። እነዚያ የራግቢ ሊግ ሰዎችም ያለ ገደብ ፈቅደው አይተውታል፤ ግዙፍ ሰዎች አሥር ደቂቃ እየተጋጩ እየወጡ፣ አርፈው እየተመለሱ ሜዳው የጉልበት ሜዳ ሆነባቸው። ስለዚህ በ2001 ወደ 12፣ በ2008 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 8 አወረዱት።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የከተማው ሰፈር ሃያ አምስት ልጅ አሰልፎ ይመጣል። ከሐይቁ ዳር የሚመጣው የዓሣ አስጋሪዎቹ ልጆች ቡድን አሥራ ሁለት፣ ቢበዛ አሥራ ሦስት ነው፤ ገሚሱም ሌሊቱን መረብ ላይ ያደረ። ዛሬ ያ ቡድን የሚያሸንፈው ሩጫውን ስለሚቆጥብና ኳሱን ለመያዝ ስለሚያውቅ ነው። ቅያሪ ያለ ገደብ ሲሆን ባላጋራው በየአሥር ደቂቃው ትኩስ እግር ያስገባል፤ ቁጠባው ከንቱ ይሆናል። የሀብታም ሰፈር ሕግ ነው የምትጽፉት፣ ወንድሞቼ፤ ባታስቡትም። ደግሞ ትንፋሹን መመጠን፣ ደክሞትም ማሰብ የሚማረው ልጅ እየጠፋ ይሄዳል። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 2 ያሸነፈው፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው ቡድናችን ድሉን ያገኘው በጭማሪ ሰዓት ነው። ያኔ በዓለም ዋንጫ እንኳ ቅያሪ የሚባል ነገር አልነበረም።

60 ደቂቃና ሪጎሬ የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ደካማ ቡድን አሥር ሰው ከጎሉ ፊት ደርድሮ ስልሳ ደቂቃ ቆሞ ሪጎሬ ይጠብቃል። በዘጠና ደቂቃ የሚከፈት በር በስልሳ ደቂቃ አይከፈትም። ፊፋም ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል የሚለውን የጭማሪ ሰዓት ሕግ ሞክሮ፣ ሁለቱም ቡድን ፈርቶ ማጥቃት ሲያቆም አይቶ በ2004 ጥሎታል። ድል ሦስት ነጥብ ይሁን የሚለውም ቢሆን ያሰቡትን ያህል አልሠራም፤ በስፔን ሊግ ላይ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን ባደረጉት ጥናት ቡድኖች አጥቂ አብዝተው ቢጀምሩም ጥፋትና ሻካራ ጨዋታ ጨመረ እንጂ ጎሉ አልጨመረም።

አራተኛው ላይ እንደ ዳኛ አንድ ነገር ልበል። ቅጣት ሲከብድ ዳኛ አይቀጣም። በረኛ ኳስ በእጁ ይዞ ከስድስት ሰከንድ በላይ አይቆይ የሚለው ሕግ ለዓመታት በመጽሐፍ ነበረ፤ ማን ነፋው? በሳጥን ውስጥ ቅጣት ምት መስጠት ለእንዲህ ያለ ጥፋት ስለሚበዛ ዳኛው አላየሁም ብሎ ያልፋል። በ2025 ሰዓቱን ስምንት ሰከንድ፣ ቅጣቱን ደግሞ ኮርና አደረጉት፤ አሁን ዳኛው እጁን አንሥቶ ይቆጥራል፣ በረኛውም ይለቃል። እናንተ ደግሞ አንድ ልጅ ስለ ጮኸ ቡድኑ በሙሉ ይባረር ትላላችሁ። የትኛው የቆቃ ዳኛ ነው የጎረቤቱን ልጆች በሙሉ ከውድድር የሚያስወጣ ወረቀት ጽፎ ማታ ቤቱ የሚገባው? አይጽፍም። ሳይጽፍ ሲቀር ደግሞ ቀላሉን ቢጫ ካርድም ማውጣት ይተዋል።

ሕግ ፈጽሞ አይለወጥ የምል እንዳይመስላችሁ። በ1990 የኢጣሊያ የዓለም ዋንጫ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 2.21 ጎል ብቻ ነበር የገባው፤ ከዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ግብፅና አየርላንድ ፓሌርሞ ላይ 0 ለ 0 ሲለያዩ ኳሱ ከተከላካይ ወደ በረኛ፣ ከበረኛ እጅ ወደ ተከላካይ ሲመላለስ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። በ1992 የቡድን ጓደኛ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። መጀመሪያ በረኞች አፈሩ፤ ኳሱን ወደ ተመልካች ይለጉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በእግሩ የሚጫወት በረኛ ተወለደ። ያ ለውጥ የተሳካው ከተጫዋቹ ተጨማሪ ችሎታ ስለጠየቀ ነው። ከአራቱ የኛ ማሻሻያዎች ግን አንዱም ከልጁ የተሻለ ነገር አይጠይቅም፤ ሁሉም አቋራጭ ይሰጡታል። (በነገራችን ላይ ከ2019 ወዲህ የመልስ ምት በሳጥን ውስጥ መቀበል ስለተፈቀደ ልጆቻችን በቴሌቪዥን እያዩ በዚያ ጎርበጥባጣ ሜዳ ላይ ከጎላቸው አፍ ይቀባበላሉ። ያን ሕግ የለወጥነው እኛ አይደለንም፤ ሜዳውን መደልደል ግን የኛ ሥራ ነበር።)

ከኦሮሞ አባቶቻችን ወገን የሆናችሁት ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በስምንት ዓመት ይተላለፋል፤ ቦረናዎች በጉሚ ጋዮ ሸንጎ ሕጋቸውን የሚመረምሩትም በየስምንት ዓመቱ ነው። ኦዳ ነቤም ከኛ ሩቅ አይደለም፤ ዱከም አጠገብ ነው። ስምንት ዓመት ማለት አንድ ሕግ ጥሩ ይሁን መጥፎ በሰው ሕይወት ላይ ታይቶ የሚታወቅበት ጊዜ ነው። እኛ ግን አምና የለወጥነውን ዘንድሮ እንለውጣለን፤ የአምናው ምን እንዳደረገ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ሌላም ፍርሃት አለኝ። ሕጋችን ከአገሪቱ ሕግ በራቀ ቁጥር ልጆቻችን ወደ ትልቅ ቡድን ሲሄዱ እንግዳ ይሆናሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖችን በተራ በአንድ ከተማ እየሰበሰበ ሲጫወት አዳማም ተራ ደርሷት ታውቃለች። አሰልጣኝና መልማይ በራፋችን ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ከቆቃ የሚሄድ ልጅ የሩቅ ምት ብቻ የሚያውቅ፣ በየአሥር ደቂቃው ውጭ መቀመጥ የለመደ ቢሆን ማን ይወስደዋል? ሕግን ንቆ ማለፍ አገርንም አስከፍሏል። በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ስለተሰለፈ ብቻ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀማን። ሕጉ ተጽፎ ነበር፤ ያነበበው ጠፋ እንጂ።

እንግዲህ ወንድሞቼ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። አራቱንም ማሻሻያዎች ለዘንድሮ አንሡ። ውድድሩ በተለመደው የእግር ኳስ ሕግ ይካሄድ፤ ጨዋታው 90 ደቂቃ፣ ቅያሪው አምስት፣ ጎሉም ከየትም ቢገባ አንድ ይሁን። ልጅ የሚጮኽበት ዳኛ ቢጫ ካርዱን ያውጣ፤ እኛም ካወጣ በኋላ ከጎኑ እንቁም። ተመልካች እንዲበዛ ከፈለግን ጨዋታውን ነፋሱ ሳይነሣ በጠዋት እናድርገው፤ ሜዳውንም እንደልድል። ዋንጫ ለሚገዛው ወዳጃችን ይህን የማስረዳቱን ሥራ እኔ እወስዳለሁ። ሕግ መለወጥ አለበት የምትሉ ካላችሁ ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ መርጣችሁ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች በሆኑት ውድድር ሳይሆን በትልልቆቹ ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ስንት ጎል እንዴት እንደገባ በመዝገብ ይዛችሁ ጀምሩ። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ግን በየሰፈራችሁ ያለውን አንድ አሰልጣኝ ጠርታችሁ «በዚህ ሕግ ለማሸነፍ ልጆቹን ምን ታሠራቸዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ይዛችሁ ኑ።